እንቁራሪት በአደራ

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሰው መጥቶ «አደራ የማስቀምጥብህ ነገር አለኝ» ሲላችሁ «ምንድነው?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ብዬ አላውቅም። እኛ ቤት አደራ ሲመጣ መጀመሪያ «ምን ችግር አለ» ይባላል፤ ከዚያ ዕቃው ይገባል፤ ችግሩ የሚታየው ከዚያ በኋላ ነው። አባቴ አንድ ጊዜ የጎረቤት በግ በአደራ ተቀብሎ፣ ባለቤቱ ክፍለ ሀገር እንደሄደ ቀረ። በዓል በመጣ ቁጥር እኛ ሽሮ እየበላን በጉን ገብስ እናበላው ነበር። በመጨረሻ በእርጅና ሞተ። አባቴም «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብሎ ቀበረው። እንግዲህ እኔ የዚህ ሰው ልጅ ነኝ።

ስለዚህ ቂሊንጦ ባለው ፋብሪካችን ማሽን ሊተክል የመጣው ፈረንጅ፣ እናቱ ታማ በድንገት አገሩ መሄድ ሲኖርበት «ትንንሽ እንስሳት አሉኝ፤ እስክመለስ ጠብቅልኝ» ሲለኝ ምን እንዳልኩት መገመት አያቅታችሁም። እኔ የፋብሪካው ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ፈረንጁ ሁልጊዜ «አንተ ጠንቃቃ ነህ» ይለኛል። ጠንቃቃ አይደለሁም፤ ፈሪ ነኝ። ከሩቅ ሲያዩት ሁለቱ ይመሳሰላሉ። እንስሳቱ ደግሞ ድመት መስለውኝ ነበር፤ ቢበዛ ኤሊ።

ኮዬ ፈጬ ያለው ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በፋብሪካው ፒካፕ የመጣውን የመስታወት ሣጥን ከሾፌሩ ጋር ተሸክመን ደረጃውን ስንወጣ፣ ጎረቤት ሁሉ በሩን እየከፈተ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ ስንት ኢንች ነው?» ይለናል። ቴሌቪዥን መስሏቸው ነው። እኔም አመሰግናለሁ እያልኩ ወጣሁ። ያን ቀን የጀመርኩትን ውሸት ለማቆም ጊዜ ፈጅቶብኛል።

ሣጥኑ ውስጥ አንድ ሙሉ ጫካ አለ። ተክል፣ ግንድ፣ ድንጋይ ላይ የሚበቅለው ዓይነት ለስላሳ አረንጓዴ ነገር፣ ጥግ ላይ ትንሽ የውሃ ጉድጓድ፣ ከላይ መብራት። ባለቤቴ ትዕግስት ወሯ የገባ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወገቧን ይዛ ጎንበስ ብላ አየችው። ከቅጠል ሥር አንድ አውራ ጣት የምታህል፣ ሰማያዊ ቀለም የተቀባች የምትመስል፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያለባት እንቁራሪት ወጣች፤ ሌላም ተከተላት።

«ይሄ ነገር ባትሪ አለው?» አለችኝ።

«ነፍስ ነው ያለው።»

ይሄን ብዬ ብተው ጥሩ ነበር። እኔ ግን ፈረንጁ የነገረኝን ሁሉ ካልተናገርኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። በተወለዱበት ጫካ አዳኞች የእነዚህን እንቁራሪቶች መርዝ ቀስታቸው ጫፍ ላይ እንደሚቀቡ ነገርኳት። ሆዷን ይዛ ከሣጥኑ ራቀች። ቶሎ ቶሎ አስረዳኋት፤ መርዙን የሚያገኙት እዚያ ጫካ ከሚበሉት ጉንዳን ነው፣ በሰው ቤት ተወልደው ዝንብ በልተው ያደጉት ምንም መርዝ የላቸውም፣ ፈረንጁ ምሎልኛል አልኳት። እውነትም ነው። እኔም አምኜዋለሁ። ግን እናንተ መብራት ጠፍቷል የተባለ ሽቦ በባዶ እጃችሁ ትይዛላችሁ? ማመንና መንካት ለየብቻ ናቸው።

ትዕግስት ብዙ ካሰበች በኋላ አንድ ነገር ብቻ አለች። «እማዬ ልታርሰኝ ስትመጣ እንዳታውቅ። እማዬ ከልጅነቷ ጀምሮ እንቁራሪት ካየች አትቆምም። ይሄን ካየች ያኔውኑ ሳሪስ ትመለሳለች። እሷ ከሄደች የሚያርሰኝ አንተ ነህ።»

እኔ ገንፎ ሳገነፋ የሚወጣው ነገር ግድግዳ ይለስናል። ሁለታችንም ይሄን እናውቃለን። ስለዚህ ነገሩ በዚያች ደቂቃ ግልጽ ሆነ፤ እንቁራሪቶቹ ቢሞቱ አደራ በላ እባላለሁ፣ አማቴ ቢያውቁ ሚስቴና ልጄ ያለ አራሽ ይቀራሉ።

ልጃችን በሰላም ተወለደች። ሴት። አማቴ እማማ ብዙነሽ ከሳሪስ አቦ ቅቤያቸውን፣ የገብስ ዱቄታቸውንና ግሣጼያቸውን ይዘው መጡ። ባለቤታቸው የባቡር ሠራተኛ ነበሩና ቤት የሚመሩት በባቡር ሥርዓት ነው፤ ሁሉም ነገር ሰዓት አለው፣ ሁሉም ነገር ይታጠባል። ገና እንደገቡ ልጅቷን አቅፈው ስመው ወደ እኔ ዘረጓት።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር ልንገራችሁ። አልተቀበልኳትም። በሦስት መቶ ሰማንያ ቮልት የሚጫወት እጄ ያቺን አንገት ሲያይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ከሥራ ነው የመጣሁት፣ እጄ ቆሻሻ ነው» አልኩ። በማግሥቱም ቆሻሻ ነበር። እሁድም ቆሻሻ ነበር። እማማ ብዙነሽ እጄን ያዩታል፣ ፊቴን ያዩታል። እኔም እታጠባለሁ ብዬ ወደ እንቁራሪቶቼ እሄዳለሁ።

ሣጥኑን «የፈረንጅ አበባ ነው» ብያቸው ነበር። እንቁራሪቶቹ ዓይን አፋሮች ስለሆኑ ሰው ሲመጣ ቅጠል ሥር ይገባሉ። እማማ ብዙነሽ አበባ ይወዳሉ። ችግሩም እሱ ነው፤ ውሃ ሊያጠጡት ጆግ ይዘው ሲመጡ ዘልዬ ያዝኳቸው።

«የቧንቧ ውሃ አይወድም፣ እማማ። ክሎሪን አለው።»

«ታዲያ ምን ይጠጣል?»

«የዝናብ ውሃ። ያ ጥግ ያለው ጀሪካን የእሱ ነው። አደራ እንዳይነኩብኝ።»

«እኛ የቧንቧ አጥተን እሱ ያማርጣል» ብለው ሄዱ። እውነታቸውን ነው። ኮዬ ውሃ ሲመጣ በርሜሉም ጀሪካኑም ይሞላል፣ ሲሄድ ደግሞ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። መብራቱም እንደዚያው ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ሣጥኑን ብርድ ልብስ አለብሰዋለሁ፤ ትዕግስት ከአልጋዋ ሆና «ለእኛም አንድ ካለህ» ትለኛለች።

ከውሃው የባሰው ምግቡ ነበር። እንቁራሪቶቹ የሚበሉት ጠላ ጋን ላይ የምትዞረውን ዓይነት ደቃቅ ዝንብ ነው፤ ያውም በካልሲየም ዱቄት ተለውሶ። እና በረንዳ ላይ፣ የበሰበሰ ሙዝ በጠርሙስ እየሞላሁ ዝንብ ማርባት ጀመርኩ። ትዕግስት «ለእኔ አንድ ቀን አጥሚት ሳታፈላ ለዝንብ ቫይታሚን ትሰጣለህ» አለችኝ። ከሕንፃችን ሥር ሱቅ ያለው የስልጤው ልጅ ከድር ደግሞ መጠየቅ አበዛ።

«ጥሩው ሙዝ እኮ አለ።»

«የጠቆረውን ስጠኝ።»

«ለአራስ?»

«ለቤት ነው።»

ከድር ጨዋ ነው፣ ሌላ አልተናገረም። በማግሥቱ ግን እማማ ብዙነሽ እጃቸው ላይ ያማረ ሙዝ ይዘው ወጡ። «ያ ባለሱቅ ለአራሷ ብሎ በነፃ ሰጠኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር» አሉ፤ ከዚያም ቀስ ብለው «ልጄን የበሰበሰ ሙዝ ነው የምታበላት?» አሉኝ። በዚያ ሰፈር እስከ ዛሬ የቀረልኝ ስም ምን እንደሆነ አልነግራችሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ይሄም አልበቃ ብሎ ወንዱ እንቁራሪት መዝፈን ጀመረ። ድምፁ ትልቅ አይደለም፣ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ ስልክ ሲነዝር የሚሰማው ዓይነት ነው።

«ስልክህ ነው» አሉኝ እማማ ብዙነሽ።

አውጥቼ ጆሮዬ ላይ አደረግሁት። «ሃሎ» አልኩ። እንቁራሪቱ ቀጠለ። «እሺ አለቃ፣ ነገ እናየዋለን» አልኩት። በየቀኑ እንዲህ ሆነ። እማማ ብዙነሽ ያለመጠን አዘኑልኝ፤ «ይሄ አለቃው ቤተሰብ የለውም?» ሲሉ ሰማኋቸው። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የእኔ ስንቅ ግን በየቀኑ ክብደት ይጨምር ነበር።

ዘፈኑ ለካ ሠርግ ኖሯል። አንድ ጠዋት ቅጠል ላይ እንደ አጃ ገንፎ ያለ የሚያብረቀርቅ ነገር አገኘሁ፤ እንቁላል። ወንዱ አጠገቡ ተቀምጦ ይጠብቃል፣ ሲደርቅ ያረጥባል፣ ሴቷ ግን ጉዳዩን ጨርሳ ግንድ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ለፈረንጁ በስልክ ጻፍኩለት። እንኳን ደስ ያለህ አለኝና መዘዙን አስከተለ፤ እንቁላሉ ሲፈለፈል አባትየው ጭራ ያላቸውን ልጆች በጀርባው አዝሎ ወደ ውሃው ይወስዳቸዋል፣ ከዚያ አንተ በማንኪያ እያወጣህ ለየብቻ በብርጭቆ አስቀምጣቸው፣ አለዚያ እርስ በርስ ይበላላሉ አለኝ። ላም በአደራ ተቀብለህ ብትወልድ ጥጃው የባለቤቱ እንደሆነ ማንም ያውቃል። አደራዬ በዛ ማለት ነው።

መጀመሪያ የመጡት ሁለት ነበሩ። ጥቁር፣ ጭራቸውን የሚያወናጭፉ፣ ከምስር ብዙ የማይበልጡ። ትንፋሼን ይዤ በማንኪያ አወጣኋቸውና በሁለት ብርጭቆ ቡፌው ጀርባ ደበቅኋቸው። እጄ አልተንቀጠቀጠም። ይሄን ልብ በሉልኝ።

እማማ ብዙነሽ ግን በሚመሩት ቤት ብርጭቆ ከመደርደሪያው ሊጠፋ አይችልም። ወደ ሥራ ልወጣ ጫማዬን ሳስር «ሁለት ብርጭቆ ጎድሎብኛል፣ ዛሬ ቡፌውን አስነስቼ እጠርጋለሁ» ሲሉ ሰማሁ። የፋብሪካው ሰርቪስ ታች ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። የት ላድርጋቸው? እሳቸው እንዳይነኩት በአደራ ያስጠነቀቅሁት አንድ ዕቃ ብቻ ነው ያለው። ሁለቱንም የዝናብ ውሃው ጀሪካን ውስጥ ገለበጥኳቸው። ሰፊ ነው፣ እስክመለስ አይገናኙም ብዬ ብርጭቆዎቹን አጥቤ መለስኩና ሮጥኩ።

ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ያስጨነቀኝ መበላላታቸው ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ የደረሰው ግን ጭራሽ ያላሰብኩት ነው።

ማታ በሩን ስከፍት የንስሐ አባታችን ሳሎኑ መሐል ቆመው ጸሎት ያደርሳሉ። ቤቱን ጸበል ሊረጩ የሚመጡት በሚቀጥለው ሳምንት ነበር፤ ለካ በሰፈሩ ሌላ ጉዳይ ገጥሟቸው በዚያው ጎራ ብለው ነው። ትዕግስት ልጅቷን አቅፋ ተቀምጣለች፣ እማማ ብዙነሽ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ጠረጴዛው ላይ፣ በመስታወት ጆግ፣ ኩልል ያለ ውሃ ቀርቧል።

የቧንቧ ውሃ ከሄደ ሰንብቷል። በርሜል ውስጥ የቀረው ደፍርሷል። ዞር ብዬ ጥግ ያለውን ጀሪካን አየሁት፤ ክዳኑ ተከፍቷል።

እማማ ብዙነሽ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «የአበባህን ውሃ ወሰድኩብህ፣ ይቅር በለኝ። ከአበባ ቄስ ይበልጣል» አሉኝ። ቀጠል አድርገውም «ቀምሼ ነው ያቀረብኩት፤ ጣፋጭ ነው» አሉ።

አንገቴን ደፋሁ። ቀና ስል ጆጉ ውስጥ አንድ ጥቁር ነጥብ ከታች ወደ ላይ ወጣ። ጭራውን አወናጨፈና ተመልሶ ወረደ። ሁለተኛው ተከተለው። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከዚያ ማሰብ ጀመርኩ። አባ ቢረጩት አደራዬ ሶፋው ላይ ሊበተን ነው። ከዚያ የቀረውን በእፍኛቸው ለሚስቴ ሊያጠጧት ነው። መርዝ የላቸውም፣ አውቃለሁ፤ ዝንብ በልቶ ያደገ መርዝ የለውም። እንዲያውም እነዚህ ዝንብ እንኳ አልጀመሩም። ግን የእማማ ብዙነሽን ከንፈር አየሁ፤ ትንሽ የገረጣ መሰለኝ። ትዕግስትን አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍናለች። አባ መስቀላቸውን ወደ ጆጉ አፍ አስጠጉ።

«አባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው ነበር። «ውሃው ውስጥ ሰው አለ።»

አባ ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጆጉን አዩ። መነጽራቸውን አውጥተው አደረጉ። «ሰው እንኳ አይደለም» አሉ በእርጋታ።

እማማ ብዙነሽ ጎንበስ ብለው አዩና በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። «ትል» አሉ። «በእኔ እጅ ለቄስ ትል ያለበት ውሃ ቀረበ።» እኚያ ብርጭቆ ሁለት ጊዜ የሚያጥቡ ሴትዮ እንባቸው መጣ። መስቀሉን ለመሳለም እንኳ ቀና ማለት አቃታቸው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ማለት እችል ነበር። የጣራ ውሃ ነው፣ ትል አያጣውም ብዬ ነገሩን በጣራው ላሳብብ እችል ነበር። ውሸቱ ምላሴ ላይ ተቀምጦ ነበር። የእሳቸው አንገት ሲደፋ ማየት ግን አልቻልኩም።

«የእኔ ናቸው» አልኩ።

«ምንህ ናቸው?»

«አደራ ናቸው። የእንቁራሪት ልጆች። ያ ሣጥን አበባ ብቻ አይደለም፣ እማማ።»

እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። ከዚያ እንደ መርማሪ ጀመሩ።

«ሙዙስ?»

«ለዝንቡ ነው።»

«ዝንቡስ?»

«ለእንቁራሪቱ።»

ትንሽ አሰቡና «ስልኩስ?» አሉ።

«እሱም እንቁራሪቱ ነው።»

«አለቃህ?»

«አዎ።»

አባ ጺማቸውን ይዘው ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ሲመለሱ ኮስተር ብለው «ከእነዚህ ጋር የተጣላው ፈርዖን ነው፤ እኛ አልተጣላንም። እነሱን ወደ ቦታቸው መልስ፣ አንቺም ብዙነሽ ሌላ ውሃ አቅርቢ፣ የደፈረሰውም ሲጸለይበት ጸበል ነው» አሉ። መርዝ የምትለዋን ቃል ማንም አላነሳትም። እማማ ብዙነሽ እስከ ዛሬ አያውቋትም። እናንተ ዘንድ አደራ ትሁን፤ ምንድነው ብላችሁ ሳትጠይቁ ተቀብላችኋል።

ጸሎቱ አልቆ አባ እንደወጡ እማማ ብዙነሽ ቀጥ ብለው ወደ ሻንጣቸው ሄዱ። ትዕግስት ዓይኗ በእኔ ላይ ነው። ሻንጣው የሚገኘው ከሣጥኑ አጠገብ ነው። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው ሊያልፉ ሲሉ ጨፍነው ማለፍ አልሆነላቸውም፤ አዩ። ወንዱ ከቅጠሉ ሥር ወጥቷል። ጀርባው ላይ ሌላ ጭራ ያለው ልጅ ተለጥፏል። እንዳይወድቅበት እየተጠነቀቀ፣ አንድ እርምጃ እየሄደ እየቆመ፣ ወደ ውሃው ይወርዳል።

እማማ ብዙነሽ ሻንጣቸውን እንደያዙ ቆሙ። ላባቸው ግንባራቸው ላይ ይታያል፣ ግን አልሸሹም።

«ያዘለችው እናትየዋ ናት?» አሉ።

«አይደለችም። አባትየው ነው። እሱ ነው የሚያዝላቸው።»

እንቁራሪቱ ውሃው ዳር ደርሶ ልጁ እስኪወርድ በትዕግሥት ተቀመጠ። እማማ ብዙነሽ እሱን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ። ረጅም ጊዜ አዩኝ። ሻንጣውን አስቀምጠው ልጅቷን ከእናቷ ተቀበሉና መጡ።

«እጅህን ዘርጋ» አሉ።

«እማማ፣ ከሥራ ነው የመጣሁት፣ እጄ...»

«ምስር የሚያህለውን በማንኪያ አሳድገሃል። ዘርጋ።»

ዘረጋሁ። ሞቃት ነበረች፣ ከጠበቅኋት በላይ ከባድ። አንገቷ አልተሰበረም። እጄ ተንቀጠቀጠ፣ እሷ ግን ግድ አልሰጣትም፤ አዛጋችና ተኛች። እኔ አለቀስኩ። ይሄን ስላወራሁ አላፍርም።

እማማ ብዙነሽ ሳሪስ አልተመለሱም። ሣጥኑ አጠገብ አሁንም አይቀርቡም፤ ከኩሽና ሆነው በየጠዋቱ «አባወራው በላ?» ብለው ይጠይቃሉ። አባወራ የሚሉት እንቁራሪቱን ነው። እኔን ገና በስሜ ነው የሚጠሩኝ።

ፈረንጁ የተመለሰው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ የልጅቷ አንገት ጠንክሮ መታዘል ስትጀምር ነው። በሩን የከፈትኩለት እሷን አዝዬ፣ በአንድ እጄ የዝንብ ጠርሙስ ይዤ ነበር። እኔን አየ፣ ጀርባዬን አየ፣ አልፎ ሣጥኑን አየ፤ ከዚያ ሳቀና በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር አለ።

«ምን አለ?» አሉ እማማ ብዙነሽ ከኩሽና።

«አባወራው የትኛው እንደሆነ ለየሁ አለ» ብዬ ተረጎምኩላቸው።

ፈረንጁ ያለው ግን «በጣም ደክሞሃል» ነበር።